ጨረር የሚለው ቃል

የጥር ሰኞ ነው፤ ዊኒፔግ በረዶዋን እንደ መስተዋት አንጥፋ፣
ዘርትሁን ከአውቶቡስ ስትወርድ እግሯ ከድቷት ሚዛኗ ጠፋ።
አንጓዋ አብጧል። ባሏ ጃኬቷን ታቅፏል።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ምላሴን በሰዓት አከራይ፣
የሰው ነገር አመላላሽ፣ ከራሴ የማልጨምር ከላይ።

በሩ ላይ ተለጥፏል፣ በስድስት ቋንቋ፣ የእኛ የለበትም፦
«እርጉዝ ከሆኑ፣ ወይም ከጠረጠሩ፣ ራጅ ሳይነሡ ይንገሩን።»
ሮዌና፣ የራጅ ባለሙያዋ፣ ያንኑ በአፏ ጠየቀች፤
አሻገርኩ።
«የለም፣ የለም!» አለ ባል፣ ቀደም ብሎ።
ዘርትሁን ጣራውን አየች።

ጨረር እንዳለው ልነግራት ነበር፤ ቃሉ አፌ ላይ ተገታ።
ጨረር እኮ በእኛ ቤት የማለዳ ፀሐይ ናት፣
ሕፃን ቅቤ ተቀብቶ ደጅ የሚወጣላት፣
አራስ ጀርባዋን የምትሰጣት።
የምርቃት ቃል ነው፤ በምን ብልሃት ማስጠንቀቂያ ላድርገው?

ሮዌና ባልየውን «ደጅ ይጠብቁን፣ ደንብ ነው» አለችው።
ደንብ መሆኑን እንጃ። ተረጎምኩ።

በሩ ሲዘጋ
«ሁለት ወር አለፈኝ» አለች፣ ድምፅዋን ዋጥ አድርጋ።
«ካሁን በፊት ሁለት ወርደውብኛል፤
እሱ ዳግም ተስፋ አድርጎ ከሚሰበር
እስኪጠና ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው።»

ሆድ ይፍጀው። ስንቱን በዚህች ቃል ዘጋነው!
እዚህ በር ላይ ግን አትሠራም፤
ሆድ ምሥጢር ብቻ አልያዘም።

ሮዌና ወንበር ሳበች። «እጅሽ ከማኅፀንሽ ሩቅ ነው፤
ልጅሽ ጋ የሚደርሰው ኢምንት ነው፣ ከቁጥር የማይገባ።
ሆድሽ ወይ ዳሌሽ ቢሆን ግን ሐኪሙ ይመዝን ነበር፦
ይቆይ? በሌላ መሣሪያ ይታይ? ወይስ የግድ ነው?
ለዚህ ነው የምጠይቀው። እንድትፈሪ አይደለም።»

ዘርትሁን ጎረቤቷን አስታወሰች፦ አመለወርቅ፣
ሳታውቅ ጥርሷን ራጅ ተነሥታ፣
«ልጁ ተበላሽቷል» ያላትን ሰው አምና፣
ሐኪም ሳትጠይቅ ሰባት ወር አልቅሳ ወለደች፤
ልጁ ይኸው በሆኪ ዱላ የሳሎኑን መብራት ፈጅቷል።
ሳቀች፤ አንጓዋን አመማት።

ከዚያ በደኅናው እጇ ወደ ግድግዳው ጠቆመች፣
ወደተሰቀለው የእርሳስ ሽርጥ።
«አያስፈልግም» አለች ሮዌና፣ «ድሮ ነበር።» ተረጎምኩ።
ዘርትሁን ዓይኗን አላነሣችም ከሽርጡ።
ሮዌና ተነሣች፣ አወረደችው፣
የተኛ ሰው እንደሚሸፍን ሆዷ ላይ ቀስ አድርጋ ዘረጋችው።

ያን አልተረጎምኩም።