ዝቅ፣ ትንሽ ዝቅ

እሷ ከላይ ናት፣ ከክሬኑ አናት፣
አርባ ሜትር ሽቅብ፣ በመስታወት ቤት፤
እኔ ከታች ቆሜ፣ በቢጫ ካፖርት፣
ጆሮዬ ላይ ሬዲዮ፣ እግሬ ሥር አስፋልት።
ግዲኒያ ወደብ፣ ባልቲክ ዳርቻ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በድምፅ ብቻ
ስንተዋወቅ ኖርን፤
«ግራ» ስላት ግራ፣ «ዝቅ» ስላት ዝቅ፣
ሠላሳ ቶን ብረት እናስተኛለን፣ እንቅልፉ ሳይለቅ።

ቦጉሚላ ትባላለች።
በጉልበቶቿ መሃል ቁልቁል እያየች
ከማለዳ እስከ ምሽት አንገቷን ሰብራ ትውላለች።

ባለፈው ጥቅምት ግን፣ ባሕሩ ጉም ሲለብስ፣
ሰማሁኝ በሬዲዮ ቅጭጭ የሚል ጥርስ።
የማርሽ ነው ብዬ፣ ዘይት ያጣ መስሎኝ
መካኒክ ልጠራ ስል፣ «የኔ ነው» አለችኝ።

«ራሴን ነው፣ ዜኖን።
እንደ ምስማር አይወጋ፣ እንደ ከበሮ አይመታ፣
ከቀትር ይጀምራል፣ እስከ እኩለ ማታ፤
ከግንባሬ ተነስቶ፣ በጆሮዬ ዞሮ፣
ማጅራቴ ላይ ይታሰራል ከሮ።
ሌላ ሰው ሲታመም ሻሽ ያስራል በራሱ፤
የኔ ሕመም ግን ሻሽ ነው እሱ ራሱ።»

ኪኒን ትውጥ ነበር። በሳምንት አንድ ሁለት፣
ኋላ በየዕለቱ፣ ኋላም ከቁርስ በፊት።
ፋርማሲስቷ አንድ ቀን እጇን ይዛ አለቻት፦
«የቀጠርሽው ዘበኛ ሌባውን ለምዶት
እሱው ነው ማታ ማታ በር የሚከፍትለት።
ለሐኪም ንገሪ፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ።»

ሐኪሙ ክፉ ነገር ቢፈልግባት አጣ፤
ወጌሻው ሉድሚር ጋ ልኳት ተራዋ መጣ።
የራስ ቅሏ ግርጌ፣ ፀጉር ከሚጀምር፣
አውራ ጣቱ አገኘ የተቋጠረ ጠጠር፤
ከኋላ ቢጫነው ከፊት ጮኸ ግንባር።
«ጡንቻ ነው» አላት፣ «ተጨብጦ የተረሳ።
እስቲ ደብተር ያዢ፤ መቼ ነው የሚነሳ?»

ጻፈች።
ነፋስ ያየለበት ቀን፦ ምንም።
በረዶ መሰላሉን የላሰበት ቀን፦ ምንም።
ማክሰኞ፦ ሕመም።
ማክሰኞ፦ ሕመም።

ማክሰኞ ይደውላል ወንድሟ ቼስዋፍ፦
«የእማማን ቤት እንሽጥ፣ ጣሪያው ሳይረግፍ»፤
እሷም «እናያለን» ትላለች ለስልሳ፣
ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ጥርሷን ነክሳ፣ ነክሳ።

ጥር ላይ፣ ማክሰኞ ነው። ከላይ ቅጭጭ መጣ።
ላጽናናት ብፈልግ የሚሆን ቃል ታጣ፤
መስመሩ የሥራ ነው፣ አለቃ ይሰማል፤
ለክሬን ከማውቀው ሌላ ቃል የት ይገኛል?

«ዝቅ» አልኳት።
«ሣጥኑ ወርዷል እኮ፣ ምኑን ነው የማወርድ?»
«ትከሻሽን። ቀስ በይ፣ ባንድ ጊዜ እንዳይናድ።
ዝቅ... ትንሽ ዝቅ... አሁን ባለበት።
ጥርስሽን ከጥርስሽ ለያዪ በስንዴ ስፋት፤
ግንባርሽን ፍቺው፣ እንደ ገመድ ይላላ፤
ትንፋሽ አውጪ፣ ረዥም፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ።»

ሬዲዮው ሾሾ አለ፣ ባሕር የገባበት ይመስል።
ቅጭጩ ቆመ።

አልዳነችም። እንደዚያ ቀላል ነገር የለም።
ግን ማክሰኞ ማታ ስልኩ ሲጮህ ትተዋለች፤
ሙቅ ፎጣ ማጅራቷ ላይ ጥላ ትቀመጣለች፤
«አልሸጥም» የምትል ቃል
በባዶ ኩሽና ትለማመዳለች።
ለወንድሟ ገና አላለችም።
ኪኒኑ ግን መሳቢያ ውስጥ፣ ቁጥሩ እየተጻፈ።

ትናንት፣ ፈረቃው ሊያልቅ፣ ድምጿ መጣ ከላይ፦
«ዜኖን፣ አንገትህ የት ሄደ? ኮፍያ ነው የማይ፣
ትከሻ ላይ የተደፋ።»
ነካሁት። እውነቷን ነው፤ ጆሮዬ ጥግ ደርሷል፤
ከመቼ ጀምሮ፣ ማን እንደ ሰቀለው፣ እንጃ፣ ማን ያውቃል?

«ዝቅ» አለችኝ፣
«ትንሽ ዝቅ።
ቀስ፣ መንጠቆው እንዳይለቅ።»