ሁለት ብር ከሃምሳ

ያኔ ረዳት ነበርሁ፤ በር ላይ ተንጠልጥዬ፣
"ኮምቦልቻ አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያልሁ ውዬ፣
ጦሳ ጉሙን ሲለቅ፣ ፒያሳ ሳትታይ፣
እጅ ብቻ ነበር የማይ።
የተዘረጋ እጅ፣ መዳፉ ላይ ብር፤
ሰውዬው ከክርኑ ወዲያ አልነበር።

አንድ ሽማግሌ ጋቢ ለብሰው፣ ስማቸውን ያልጠየቅኋቸው፣
ሁለት ብር ከሃምሳ ጎደለባቸው።
"ስንደርስ፣ ልጄ" አሉ፣ "ከእህቴ ተቀብዬ…"
"ታሪፉ ተለጥፏል!" አልኋቸው ጮኽ ብዬ።
ሐረጎ ወገቡ ላይ፣ ከመጠምዘዣው ግድም፣
በሩን ሳብሁት። ወረዱ። ማንም ምንም አላለም።
ከኋላ መስታወት ሳይ፣ ጉሙ ሲውጣቸው፣
ጋቢያቸው የቱ፣ ጉሙ የቱ፤ ጠፋኝ መለያቸው።
ሾፌሩ ይመር ሳቀ፤
እኔም ሳቅሁ፤ መንገዱም አለቀ።
ቦርከና ድልድይ ጋ ስንደርስ፣ ነገሩን ረስቼ፣
ቦምቦሊኖ በላሁ፣ ከዚያው ሒሳብ አውጥቼ።

ከዚያ ያ ጥቅምት መጣ፤
የከተማው ሰው ሁሉ ፍራሹን ተሸክሞ፣ በሩን ሳይዘጋ ወጣ።
ነዳጅ የለ፣ ታክሲ የለ፤ የእህቴ ልጅ ዘሃራ ትከሻዬ ላይ ተኝታ፣
በእግሬ ወረድሁት ሐረጎን፣
ያንን በቀን ስድስቴ የበረርሁትን ቦታ።
ለካ ጠመዝማዛው ቁጥር አለው፤
ለካ ጎማ የማያውቀው ጠጠር፣ ጫማ ሲሳሳ፣ ስም አለው።
አንድ ፒካፕ መጣ። እጄን አነሳሁ።
መብራቱን ጣለብኝ፤ እጄን አየ፤ አለፈ፤
ከክርኔ ወዲያ ለካ እኔም የለሁ።

ከመታጠፊያው ስር ድንጋይ አገኘሁና ተቀመጥሁ፤
ልሙጥ ነው። ዳበስሁት። ደነገጥሁ።
ድንጋይ እንዲህ የሚለሰልሰው ስንት ሰው ሲቀመጥበት ነው?
ከነሱስ ስንቱ ነው፣ ከኔ በር የወረደው?
ዘሃራ ነቅታ፣ "አጎቴ፣ ማን አለሰለሰው?"
ዝም አልሁ። እንዲህ ያለውን ለልጅ ምን ብሎ ይነግራል ሰው?

"መከራ ያስተምራል" ይላሉ። አዎ፤ ይመርንም አስተምሮታል፤
እሱም ያችን ሌሊት፣ ያንኑ ጠጠር ረግጦታል።
ስንመለስ፣ "ለኔ ማን ቆመልኝ?" አለ፣ ቁልፉን አዙሮ፤
ተምሮ ነው እሱም፤ በር መዝጋት ተምሮ።
አንድ መንገድ፣ ሁለት ሰው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤
የሱን ቁስል ቅርፊት ያዘው፤ የኔ እስከዛሬ አይደርቅም።

ደግነት እንዳይመስላችሁ። ስቆጣም እቆጣለሁ፤
ጧት ጧት ሲጨቃጨቁኝ እኔም እሳደባለሁ።
ግን ሒሳብ የጎደለው ሰው ሲያቀረቅር ወደ መሬት፣
ተረከዜን ያመኛል፣ ከማሰቤ በፊት።

ሽማግሌውን ፈለግሁ። ስንቱን ጋቢ አስዞርሁ!
ሁለት ብር ከሃምሳ በደረት ኪሴ ለብቻው ቋጠርሁ።
ታሪፉ ስንቴ ጨመረ፤ ሃምሳ ሳንቲም ዛሬ ክብሪትም አይገዛ፤
ዞሮ የሚያየኝ ፊት ሁሉ የሌላ ነው፤ ዕዳዬ በዛ።

አንዳንድ ጧት፣ ሐረጎ ላይ፣ ድንጋዩ ጋ ስንደርስ፣
"ወራጅ አለ!" እላለሁ። ይመር ፍሬን ይይዛል፣ ቀስ።
ማንም አይወርድም።
"የታለ ወራጁ?" ይላል። አልመልስለትም።
በሩን እከፍታለሁ። ጉሙ ገባ፤ አንዱ ሳለ፤
ጥቂት እቆያለሁ፤
ምናልባት፣ የሚሳፈር ካለ።