ሁለት ነጥብ

ፍኖተ ሰላም፣ መዝገብ ቤት፣ የኋለኛው ክፍል፤
ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅሁት የወረቀት ቁልል።
የትኛው ፋይል የት እንደተኛ እጄ ያውቃል በዳበሳ፤
መብራት ሲጠፋም አወጣለሁ፣ ሳልደናገር ሳልረሳ።

አምና ግን ኮምፒውተር መጣ፣ ከቡሬም እናንዬ መጣች።
«ጋሼ ምንይችል፣ ዊንዶውሱ አልነሳ ብሏል» አለች፣
«ሊኑክስ ጭኛለሁ። ሥዕል የለውም፤
በቃል ነው የሚታዘዘው።»

ጥቁር ሰሌዳ።
አንዲት ነጭ ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች፣
ደጅ እንደሚጠና ሰው ቆማ ትጠብቃለች።

«መጀመሪያ የት እንዳሉ ይጠይቁ፤
ያለበትን የማያውቅ ወዴት ይሄዳል?»
ፒ ደብሊው ዲ። በአንድ ጣት ጻፍኩ፣
ፊደል በፊደል፣ ሽምብራ እንደሚለቅም።
መለሰልኝ፦ ያዘመመ ዘንግ፣ ስም፣ ዘንግ፣ ስም፣ ዘንግ፣ ስም።
«ይኼ መንገድ ይባላል» አለችኝ።
ሳቅሁ። የከተማችንም ስም መንገድ ነው፣ ያውም የሰላም፤
ከመናኸሪያው እስከዚህ ቢሮ ግን
ስንት ባለጉዳይ ጠፍቶበታል።

ኤል ኤስ። እዚህ ቤት ምን ምን አለ? ማለት ነው።
እንግዳ ሆኖ ጓዳ መቃኘት
እኛ ጋ ነውር ነው፤ እዚያ ሥራ ነው።

ሲ ዲ። ግባ። ጅጋ ግባ፣ ቋሪት ግባ፣ ማንኩሳ ግባ፤
ያለ ባጃጅ፣ ያለ ሒሳብ፣ ጫማዬን ጭቃ ሳይነካ።
መውጣት ግን አቃተኝ። ሦስት ቤት ዘልቄ
በሩን አጣሁት፤ እናንዬን ጠራኋት ተሸማቅቄ።
«ሲ ዲ፣ ሁለት ነጥብ» አለች፤
«ወደ ወላጁ ይመልስዎታል።»

ሁለት ነጥብ!
የኔታ ጥበቡ በስንጥር እየነኩ ያስቆጠሩኝ፣
ቃልን ከቃል የሚለየው ድንበር፣
ባዶ ቦታ ተክቶት የቀረው።
ያኔ ቆሞ ይለያይ ነበር፤
እዚህ ተጋድሞ ልጅን ካባት ያገናኛል።

ኤም ኬ ዲር፤ ቤት ሠራሁ፣ ያለ ጭቃ ያለ ማገር።
ሲ ፒ፤ አንዱን ሁለት አደረግሁ፣ ካርቦን ሳልደረድር።
ኤም ቪ ያዛውራል፤ ያው ትእዛዝ ስምም ይቀይራል።
«እንደ ሹም ነዋ» አልኩ፣ «ሲዛወር ስሙ ይለወጣል።»
አር ኤም ጋ ስትደርስ ድምጿ ወረደ፦
«ቅርጫት የለውም ጋሼ። የሄደ ሄደ።»

ሐሙስ ከሰዓት። እናንዬ ቡሬ ናት።
ለሙከራ የሠራሁትን ላጸዳ ብዬ
አር ኤም፣ ኮከብ።
ኮከብ ማለት ሁሉም ማለት ነው።
የት እንዳለሁ አልጠየቅሁም።

ዝም አለ።
ይህ ማሽን ሲታዘዝ አይናገርም፣ የሚጮኸው ሲቸግረው ነው፤
ዝምታውን ወድጄለት ነበር እስከዚያ ቀን።
ኤል ኤስ። ባዶ።
ኤል ኤስ። ባዶ።
አርባ ሦስት ፋይል፤ ማንኩሳ በሙሉ፣ የዘጠና ስምንቱ።

መሰላል አምጥቼ መደርደሪያው ላይ ወጣሁ።
ወረቀቶቼ እንደተውኳቸው ነበሩ፣
አይጥ ጠርዛቸውን ብትቀምስም።
አሥራ አንድ ቀን ጻፍኩ፣ በአንድ ጣት፣ ኋላም በሁለት፤
ሃያ ስድስት ዓመት የተሸከምኩትን
ያን ጊዜ ገና አነበብኩት፦
«በምሥራቅ ላህ ወንዝ፣ በምዕራብ የጌጤ ማሳ፣
በሰሜን አባቱ የተከለው ድንጋይ፣ በደቡብ የወደቀ ዋንዛ።»
የወደቀ ዛፍ ድንበር ይሆናል?
ማኅተም ተመቶበታል።

ማክሰኞ ወይዘሮ ትሁኔ መጡ፣ የባላቸውን ሰነድ ፈልገው።
ፒ ደብሊው ዲ። ሲ ዲ ማንኩሳ። ኤል ኤስ። አለ!
አትሜ ሰጠኋቸው፤ አልጠገቡም።
«ዋናውሳ፣ የት ነው የሚኖረው?»
ብጣሽ ወረቀት ላይ መንገዱን ጻፍኩላቸው፣
ዘንግ፣ ስም፣ ዘንግ፣ ስም።
ገልበጥ አድርገው አዩት።
«ይኼ ያዘመመው አጥር ነው?»
«አጥር ነው።»
«በሩስ?»

እስክሪብቶዬን አነሳሁ፤
ከመጨረሻው ዘንግ ኋላ
ሁለት ነጥብ ጣል አደረግሁላቸው።