ታኮ

ጦሳ ጉሙን ስቦ፣ እስከ አንገቱ ለብሶ፣
የሆጤ ሜዳ ሣር በሌት ዝናብ ርሶ፣
መምህር እንድሪስ ሙሄ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት
ኳሲቱን አወጣ፤ ሁለት ጫፍ ያላት፣
ጎኗ የተጣፈ፣ ክብነትን የከዳች።
"ይቺ ናት" አለን፣ "የሁለት ዓመት ትምህርታችሁ።
መሬት ስትነጥር ወዴት እንደምትሄድ
እሷም አታውቀው፣ እኔም አልነግራችሁ።"

"ዕንቁላል ናት!" አለ ሸጋው ከኋላ ሆኖ፤
ሃያ ሰው ሳቀባት፣ በጉም ተሸፍኖ።
እኔ አልሳቅሁም።
እግር ኳስ ተጫዋች የነበርሁ፣ ጉልበቴን ሰብሬ
ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ጥዬው የመጣሁ፣
"ራግቢ፣ አሰልጣኝነትና ብቃት" በሚል ቅጽ
ስሜን ሞልቼ ከማላውቀው ደጅ የቆምሁ፤
ምን ያስቀኛል?

የመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሕግ፣ አንድ ብቻ፦
ኳስ በእጅ አይሰጥም ወደ ፊት ላለ አቻ።
ይዘሽ ሩጪ፤ ግፊ፤ ውደቂም ከያዙሽ፤
ስትሰጪ ግን ስጪ ከኋላ ለሚከተልሽ።
ጻፍሁት። ሁለት ጊዜ ከሥሩ አሰመርሁ።
ለፈተና ሸመደድሁት፤ ግን መቼ ተረዳሁ?

ማታ መብራት ሲሄድ፣ አንድ ሻማ ለአራት፣
ከደበዘዘ ኮፒ ስንለቅም ፊደላት፤
የልብ ምት በደቂቃ፣ የድካም መለኪያ፣
በሩጫና በሩጫ መሃል የትንፋሽ ማረፊያ።
ዘሃራ ከታች አልጋ "እሱስ ይሁን" ትላለች፣
"ደሴ ላይ ትንፋሽ ማን አለው? ከተማዋ ራሷ ዳገት ነች።"

የተግባር ፈተና። ኅዳር። ገና በጠዋቱ፤
አሥራ ሁለት ተማሪ፣ ፊሽካ፣ አርባ ደቂቃ።
አስረዳሁ። አሳየሁ። ጮኽሁ፣ ድምፄ እስኪነቃ።
እነሱ ይወረውራሉ ወደ ፊት፣ አሁንም ወደ ፊት፤
ኳሷም ትነጥራለች ወደ ቦይ፣ ወደ አጥር፣
ወደ አንዲት ገበያተኛ ቅርጫት።
ፊሽካዬን ኪሴ ከተትሁ። "ቁጭ በሉ" አልኋቸው።
እንድሪስ ሰዓቱን አየ።

"አባቴ ረዳት ነበር፣ የኤንትሬ መኪና፤
ሐረጎን ሲወጡ፣ በዚያ ጠመዝማዛ ጎዳና፣
ሞተሩ ሲያቃስት፣ ጎማው ሊከዳ ሲል፣
ዘሎ ይወርድና ከኋላ ይከተላል፣
የባሕር ዛፍ ታኮ በእጁ።
ሾፌሩ ፊቱን ነው የሚያይ፤ አይዞርም።
'ታኮ!' ይላል፣ አለ የለም አይልም፤
ታኮው ከጎማው ሥር ነው።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ አንድ ቀን እንኳ
'አለህ ወይ?' ብሎ አልጠየቀው።
መኪናው ግን ወጣ፣ ጨው ጭኖ፣ ብረት ጭኖ፣
ከኋላው አንድ ሰው፣ አንድ እንጨት አምኖ።"

ዝም አሉ። ከዚያ ተነሡ።
ኳሷን ጦይባ ያዘች፣ ከሁሉም ያነሰች፤
የሻርፗን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ሮጠች።
ሁለት ጎረምሶች ደረሱ፣ ወገቧን ያዟት፤
ዘመመች፤
ዞር ሳትል፣ ማንንም ሳታይ፣ "ታኮ!" አለች።
ከጉሙ ውስጥ፣ ከኋላዋ፣ ያላየነው እጅ፤
"አለሁ!" የሚል ድምፅ፣ የአራጋው፣ የዚያ ዝምተኛ ልጅ።

ከወረቀቴ ላይ፦
"ሰዓት አላከበረችም። ማሟሟቂያ የለም። ስድሳ ሁለት።"
ከሥሩ በእርሳስ፦
"ታኮን ከየት አመጣሽው? ለክፍሉ አስረጂልኝ፣ ሰኞ ለት።"

ቅዳሜ ደወልሁለት። ወገቡን ያመዋል፤
"ዛሬስ ምን አስተማሩሽ?" ሰላምታ ሳይጨርስ ይጠይቃል።
"ያንተን ሥራ" አልሁት።
ዝም አለ። ሳል አቋረጠው።
"አብሽሪ" አለኝ ቆይቶ፤ "እሱም ትምህርት አለው?"