የካርምኑ ሲሚንቶ

ማልታ፣ ሴንግሊያ ወደብ፣ ባሕር ግንቡን ሲልሰው፣
ካርምኑ ቤቱን ሲሚንቶ አለበሰው።
መስሎት ነበር ካፖርት፣ መስሎት ነበር ጋሻ፤
ለካ ለጨው ኖሯል የሠራለት ዋሻ።
እሱ አፈር ከገባ ሃያ ዓመት ተቆጥሮ፣
ቢጫው ድንጋይ ረገፈ እንደ ተፈጨ ሽሮ።

ዊስቲን ሲሚንቶውን ፍቆ አወረደው፤
የወረቀት ቡኮ በተጣራ ውኃ ለውሶ
ቁስል እንደሚያሽግ ሰው በቀስታ ለጠፈው።
«ውኃው ይገባል፤ ሲደርቅ
ጨዉን ይዞት ይወጣል» አለኝ፣ ባልዲ ሳቀብለው።

ሳምንት ጠበቅን።
ልጦ በምላሱ ቀመሰው።
«ገና ነው።»
ደገመ። ቀመሰ። «ገና ነው።»
በአራተኛው አላመጠና ዝም አለ፤
ቆይቶ፣
«ወረቀት ወረቀት ይላል» አለ።

ከዚያ ኦክሳሌቱን በብሩሽ አጠጣው፣
ስስ ቆዳ እንዲያወጣ፣ ትንፋሽ ሳያሳጣው።

ጁዛ፣ የካርምኑ ሚስት፣ ከደጅ ወጣች በዝግታ፤
ከፍርስራሹ ክምር አንዲት ቁራሽ አንሥታ፣
የባሏ አውራ ጣት የታተመባትን፣
ያቺን ድንጋይ በል ሲሚንቶ፣
በሽርጧ ጠርጋ ኪሷ ከተተቻት።

ዊስቲን አይቶ እንዳላየ ብሩሹን አጠበ፤
ባሕሩ ከመንገዱ ማዶ
ጨዉን እንደያዘ ቀረበ።