የማይታይ ቀይ

ኩላሊቴ ደህና ናት፤ በወንድሜ ሆድ ውስጥ ሥራ አልፈታችም፣
ከግራ ጎኔ ወጥታ፣ ሰው ቤት ገብታ፣ አንድ ቀን አልከፋችም።
ታዲያ ይህ ሰው ለምን ነጣ?
ሁለት ደረጃ ወጥቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ለምን ትንፋሽ አጣ?

ፔታህ ቲክቫ፣ ስድስተኛ ፎቅ። ከመስኮቱ ሥር ቀዩ ባቡር ያልፋል፣
ሰው ያራግፋል፣ ሰው ያፍሳል፣ ደግሞ ይከንፋል።
አስረስ ይቆጥረዋል። «እቴ፣ ይሄ ሁሉ ቀይ በከንቱ ሲሮጥ!
አንድ ፉርጎ እንኳ ቢተርፈኝ ምናለ፣ ደም ሥሬ ውስጥ ቢሰምጥ?»
ይስቃል። ሲስቅ ድዱ ይታየኛል፤
ወተት ጠጥቶ ያልተጉመጠመጠ ይመስላል።

ካሜራ በላይ አወረዱ፣ ካሜራ በታች ሰደዱ፤
የሚያፈስ ስንጥቅ ፈልገው፣ ባዶ እጃቸውን ሄዱ።
ደም ይሰጡታል፣ ሰኞ ይሞላል፣
ሐሙስ ወረቀቱ ሲመጣ፣ አምስት ከምናምን ይላል።
መቅኖ የለውም፣ እንደ ሎተሪ ብር፤
ገባ ሲሉት የለም፣ አለ ሲሉት አልነበር።

ከረጢቱ ላይ ስም የለም። አባባ ትዝ አለኝ፣
ክንዱን ሰጥቶ፣ ብስኩቱን ለኛ ይዞ፣ ኮርቶ የመጣ ለታ።
ኋላ የኛን ደም መድፋታቸው ሲወራ
እጅጌውን ቁልቁል ጎትቶ ቆለፈ እንጂ፣ አንድም ቃል አልወጣውም።
ዛሬ የማን እንደሆነ የማላውቀው ጠብታ ለልጁ ይወርዳል።
እኔም ዝም አልኩ።

ሌሊት ግን አንዲት ጥያቄ፣ ጠባሳዬ ሥር ተኝታ፦
ከኔ ይሆን? ከስጦታው ጋር የላክሁት በሽታ?

ዶክተር ኒዳል ዳሌውን ወጋ፣ ከአጥንቱ ቀዳ፤
«መቅኔው ዝም ብሏል» አለኝ፣ «ቀይ የሚያፈልቀው ጓዳ
ተዘግቷል። ቫይረስ ነው። ከሕፃናት የሚመጣ፣
ጉንጫቸውን በጥፊ የተመታ አስመስሎ፣ በሳምንት የሚወጣ።
ጤነኛ ሰው ልብ አይለውም። የሱ ዘበኛ ግን ተኝቷል፤
ያንቺን ኩላሊት እንዳያባርር፣ መድኃኒት አስተኝቶታል።»

ያኔ አስታወስኩ።
የስግድ ሰሞን ነበር። መዋለ ሕፃናት ውስጥ የኖዓም ጉንጭ ቀልቶ፣
እናቱ ተጠርታ ወሰደችው፣ «ማን መታው?» ተብሎ ተወርቶ።
የኔ ኢታይ ትኩስ ነበር፣ አፍንጫው ይፈስሳል፤ ብርድ ነው አልኩ።
ማታ አጎቱን ሳመው። አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ፣
ደግሞ በዚህ፣ ደግሞ በዚያ። ያስተማርነው እኛ ነን።
ቀዩ ኋላ ወጥቶ ይሆናል፤
በጠይም ጉንጭ ላይ ማን አየው? እናቱ ነኝ፣ እኔም አላየሁት።

አሁን አምስት ቀን ሙሉ ጠርሙስ ይንጠባጠባል፣ ከሺህ ሰው ደም የተጠለለ፣
የማያውቁት ሰው፣ ለማያውቁት ሰው፣ ዘብ ሊቆም የማለ።
የራሱንም ዘበኛ ቀሰቀሱት፣ ባንድ ዓይኑ ብቻ እንዲነቃ፤
አብዝቶ ቢነቃ ኩላሊቴን ይነክሳል፣ መልሶ ቢተኛ፣ በቃ።
ለየትኛው ልጸልይ? ጎኔም እዚያው፣ ወንድሜም እዚያው።

ዛሬ ወረቀቱ «ጨቅላ ቀይ ሕዋሳት ታዩ» ይላል።
ጥቂት። በጣም ጥቂት።
ኢታይን ወደ ላይ አላስወጡትም። ባቡሩ ጣቢያ ከአባቱ ጋር ቆሞ
ጉንጮቹን በሁለት እጁ ሸፍኗል፣ የሰረቀውን እንደሚደብቅ።
አስረስ መስታወቱን ሳመው፣
አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ። እንፋሎቱ ቀረ።
ባቡሩ መጣና ልጁን ጋረደው።
እስኪያልፍ እንቆጥራለን።