የነጥብ ቃርሚያ

ኦማሃ፣ ነብራስካ፤ በረዶ ሲዘንብ፣
ማርሊን ቮፓት አለች፣ ቀን የምታነብ።
ቀን የሰው ጥርስ ጠርጋ፣ ጎንበስ ብላ ውላ፣
ማታ ቀን ትጠርጋለች፣ እርሳሷን አሹላ።
የፍሪጇ በር ላይ፣ በማግኔት ተይዞ፣
የዘር ሱቅ ካላንደር አለ፣ ቀን አርግዞ፤
ሰማያዊው ክብ፦ ካርድ የጠየቀችበት፣
ቀዩ ክብ ደግሞ፦ ጊዜው ያለቀበት።
በሁለቱ መሃል፣ በዘጠና ቀን ውስጥ፣
ሦስት ሺህ ዶላር ከእጇ እንዲያመልጥ፤
አለዚያ ስድሳ ሺው ነጥብ ጉም ይሆናል፣
የባንኩም ስጦታ ቃል ሆኖ ይቀራል።

ለመቼም አትቸኩል። የቸኮለ ሁሉ
አፍሶ እንደሚለቅም ታውቃለች ከውሉ።
ሁለት ማመልከቻ ባንድ ሳምንት ቢላክ
ፍርሃት ያሸታል፣ እንደ ውሻ ነው ባንክ።
ካንዱ እስከ ሌላው ዘጠና አንድ ሌት፤
ጦም ያድር የለም ወይ፣ ሊያፈራ መሬት?
ያረጁት ካርዶች የጫማ ሳጥን ሞልተዋል፤
ዓመታዊ ክፍያው ሳምንት ሲቀረው ውሉ ይሰረዛል፤
እንግዳ ሦስት ቀን፣ ካርድ ግን አንድ ዓመት ይሰነብታል።

ባሏ ድዌይን ግን ይስቃል፣ ጉልበቱን ይዞ፣
የእህል ጎተራ መሰላል አርባ ዓመት መዝምዞ
የፈጀውን ጉልበት። «ማር፣ ሥራ ነው ወይስ ጸሎት?»
«ጸሎት ነው፣» ትላለች፣ «እግርህ የሚዘረጋበት
ወንበር፣ ከፊት ረድፍ፣ እስከ ሊዝበን ድረስ፤
ባሕር አይተህ አታውቅ።»
«ሚዙሪስ?» ይላታል፤ «ውሃ አይደለም ሲፈስ?»

እናም መዓት ሁሉ ምሕረት ሆነላት።
ማሞቂያው ቢሰነጠቅ በዲሴምበር ሌሊት፣
«ተመስገን!» አለችው፣ «ቀኑን አልሳተው።»
የኢርማ ሹልቴን ጣሪያ በካርዷ ከፈለችው፣
ጥሬውን ተቀብላ። በጾሙ ዓርብ ዓርብ
ደብሩ ዓሣ ጠብሶ ለሰፈሩ ሲያቀርብ፣
አራት መቶ ፓውንድ ዓሣ በስሟ ተገዛ፤
ቼክ ጻፉላት ካህኑ፣ ሽታው ሳይበዛ።

በከርሞው ጃንዋሪ ግን ምንም አልተሰበረ።
ሰማንያ አራተኛው ቀን፤ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ቀረ።
መኪናዋን አየች፦ አርጅቷል፣ ይሄዳል።
ጥርሷን በመስታወት፦ ደህና ነው፣ ይበላል።
«አንድ ነገር ይሰበር፣» አለች፣ ለቀልድ ያህል፣
ሳህን እያጠበች።

ድዌይን በረዶ ሊጠርግ ወጣ።

አካፋው ቆሞ ቀረ።

ሚስተር ሆራክ፣ የቀብር ቤቱ ባለቤት፣ ክራቫቱን ነካ አድርጎ፣
አንድ ነገር እንደሰረቀ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት፦
«በቼክ ይሁን በካርድ?»
ሰማንያ ዘጠነኛው ቀን ነበር።
እጇ ከልቧ ቀድማ ቦርሳውን ከፈተች፣
ካርዱን አወጣች፤
ማርሊን እጇን አየቻት፣ እንደ ሌላ ሴት እጅ።
ማሽኑ ጥቂት አሰበ።
«ጸድቋል፣» አለ፣ በአረንጓዴ ፊደል።
ሆራክ ደረሰኙን ቀደደ፤
ስለ ማን እንደተባለ ማንም አልጠየቀም።

ስድሳ ሺህ ነጥብ ገባ፣ ባሥራ አንደኛው ቀን፤
ላንድ ዓረፍተ ነገር አራት ነጥብ ሲበቃን።
ከድሮው ጋር ደመረችው፤ ሁለት ወንበር ሆነ፣
ከፊት ረድፍ፣ እግር የሚዘረጋበት።
ለሁለት አካፈለችው።
ቀሪ፦ እሷ።

በማርች ፖስታ መጣ። ከማታውቀው ባንክ፣
ወፍራም ወረቀት፣ ስሙ በወርቅ ቀለም፦
«ውድ ድዌይን ቮፓት፣
ታማኝነትዎን ተመልክተናል።
አስቀድመው ጸድቀዋል።»
ቆማ አነበበችው፣ ኮቷን ሳታወልቅ፤
ደግማ አነበበችው።
ከዚያ ካላንደሩን አወረደች፣
በዚያው ማግኔት ደብዳቤውን ያዘችው፤
ክብ አልከበበችበትም፣
ቀንም አልቆረጠችለት።